ጠባሳ የሌለው አሻራ

ኮልፌ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ ጀላል፣ ዓደን

አሰላሙ አለይኩም። ይህች ወረቀት ባሕሩን ተሻግራ እጅህ ስትገባ በሙሉ ጤና እንድታገኝህ አላህን እለምናለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም አለን። እናትህ አክስቴ ሃጂራ በጣም ደኅና ናቸው። አባቴም ደኅና ነው። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ አጠና ተራ ያለው ሥራው ሞቅ ብሎለታል። ቤት የሚሠራው ሰው ስለበዛ አጠና ከየት ላምጣ እያለ በደስታ ያማርራል። አክስቴ ደኅና ናቸው፣ ሰላም ይሉሃል።

እኔ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ገብቻለሁ፤ በዓመቱ መጨረሻ ሚኒስትሪ አለብኝ። ስለዚህ እንግሊዝኛዬን ላሻሽል ብዬ መርካቶ ካሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ገዛሁ። እዚያ ውስጥ አንድ ልጅ ሽማግሌ አባቱን ምን እንዳደረገ የሚናገር ቦታ ላይ «ሁድዊንክ» የሚል ቃል አጋጠመኝ። አስተማሪያችንን አቶ ገብረማርያምን ብጠይቃቸው «ማታለል ማለት ነው፤ ያረጀ ቃል ነው፤ ፈተና ላይ አይመጣም፤ ተይው» አሉኝ። ተይ የተባልኩትን ነገር እንደማልተው አንተ ታውቃለህ። ለማታለል ሌላ ቃል አላቸው አይደል? ታዲያ ይሄን ምን አስጨመራቸው? ደግሞስ ሰውየው የተታለለው ለእሱው ደግ ታስቦለት ከሆነም ያው ሁድዊንክ ነው? አንተ ከእንግሊዞች ጋር ስለምትውል አጣርተህ ጻፍልኝ። በጣም አስፈልጎኛል።

አክስቴ እንዲህ በዪልኝ ይላሉ፦ «ልጄ፣ የጀመርከውን ትምህርት ሳትጨርስ እንዳትመጣ። እኔ ደኅና ነኝ። ዓሣው ካልተስማማህ አትብላ፤ ሰው ካልበላ ይቀራል እንጂ አይገደድም።»

አሻራቸው እንደ ሁልጊዜው ከታች አለ።

እህትህ አልፊያ

*

ዓደን፣ ኅዳር 14 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ ለአልፊያ

ወአለይኩም ሰላም። ደብዳቤሽ በአሥረኛው ቀን ደረሰኝ። እዚህ ሰዓት እላፊው ስለበዛ ፖስታ ቤቱ ግማሽ ቀን ነው የሚሠራው፤ መልሴ ቢዘገይ በስንፍናዬ አትቁጠሪው። እናቴን ጉልበቷን ስሜልኝ፤ አባትሽንም እንዲሁ።

ቃልሽን ይዤ የሄድኩት ወደ ሚስተር ፔል ነው። የምሠራበት የመርከብ ዕቃ መጋዘን ኃላፊ፣ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። ስነግረው መነጽሩን አውልቆ ሳቀ። «ይህን ቃል ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ከአያቴ አፍ ነው» አለኝና ብድግ ብሎ በመሐረቡ ዓይኔን ጥርቅም አድርጎ ሸፈነው። ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ያየኛል። «በቃ ይሄው ነው» አለ። ጥንት ቃሉ በቁሙ የሰውን ዓይን በቆብ መሸፈን ማለት ነበር። በኋላ ነው ለማታለል የዋለው። ውሸት ለጆሮ ነው፤ ይሄኛው ግን ሰውየው ማየት የሚችለውን እንዳያይ ማድረግ ነው። እኔ እንደገባኝ ጻፍኩልሽ።

ለደግ ቢሆንስ ያልሺውን ግን ሚስተር ፔልም አላወቀውም። እኔ መልሱን ሌላ ቦታ ፈለግሁት። አሮጌው ከተማ ውስጥ ሰሊጥ የሚጨመቅበት ቤት አለ። አንዲት ግመል ዓይኗን በጨርቅ ተሸፍና ከጠዋት እስከ ማታ መጭመቂያውን ትዞራለች። ባለቤቱን «ለምን ትሸፍናታለህ?» አልኩት። «እዚያው በዚያው እንደምትዞር ካየች አዙሯት ትወድቃለች፤ ሩቅ አገር የምትሄድ እየመሰላት ብትውል ይሻላታል» አለኝ። እውነቱን ይሁን ለዘይቱ ብሎ እንጃለት። ሁለቱንም ይመስለኛል።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ሰው እንዳይሰማሽ። የእናቴን አሻራ ሳላይ አልተኛም። በዚህ ደብዳቤ ላይ ግን ጠባሳው የለም። ልጅ ሆና ቆጮ ስትከትፍ ቢላ አውራ ጣቷን ሰንጥቋት የቀረው መስመር በሁሉም ደብዳቤ ላይ ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር። ቀለሙ በዝቶ ይሆናል። ለሚቀጥለው አጎት ከሊፋ ሱቅ ወስደሽ በማኅተሙ ቀለም በደንብ አሳትሚያት። ደግሞ በአንድ ገጽ ላይ እናቴ ደኅና ናት የሚለውን ሦስት ጊዜ ነው ያሰፈርሽው። አንዱ ይበቃኝ ነበር።

የምሽት ትምህርቴ ደኅና ነው። ሰኔ ላይ ፈተናውን ካለፍኩ የጽሕፈት ሥራ ምስክር ወረቀት አገኛለሁ። ሁለት ዓመት የለፋሁት ለዚያች ወረቀት ነው፤ አቋርጬ ብመጣ ሁለቱም ዓመት ከንቱ ነው።

ወንድምሽ ጀላል

*

ኮልፌ፣ ጥር 20 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ ጀላል

በያለህበት ሰላምህ ይብዛ። እኛ ለክፉ አልተሰጠንም። ስለዘገየሁ ይቅርታህን፤ ፈተና ነበረብኝ፤ ከዚያ ደግሞ ጉንፋን ያዘኝ፤ ከዚያ ደግሞ ፖስታ ቤት የሚሄድልኝ ሰው ጠፋ።

ስለ ቃሉ አመሰግናለሁ። ለአቶ ገብረማርያም ስነግራቸው ተገርመው ሰሌዳ ላይ ጽፈውት ክፍሉ ሁሉ ገለበጠው። አንድ ነገር ግን አልነገርከኝም። ማታ የግመሏን ዓይን ሲገልጡላት ምን ትሆናለች? ሰውየውን ትቀየመዋለች?

አክስቴ ደኅና ናቸው። ትምህርትህን ጨርስ ይላሉ። አሻራቸውን በዚህኛው አላኖርኩም፤ የአጎት ከሊፋ የማኅተም ቀለም ደርቆበት ነው። ሌላ ጊዜ።

እህትህ አልፊያ

*

ዓደን፣ የካቲት 15 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለአልፊያ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ዛሬ እንዴት ናችሁ ብዬ አልጠይቅም።

እናቴ የሞተችው መቼ ነው? ቀኑን ብቻ ጻፊልኝ። ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ቀለም ደርቆ ነው አልሽኝ። አጎት ከሊፋ ሱቁ ውስጥ ሌላው ሁሉ ቢጠፋ ቀለም አይጠፋም፤ በቀን ሃምሳ ደረሰኝ ነው የሚመታው። ከዚያ በፊት የላክሺው አሻራ የማን እንደሆነ አላውቅም፤ የእሷ ግን አይደለም። ጥቅምት ላይ ደኅና ናቸው፣ ደኅና ናቸው እያልሽ ስትጽፊ እጅሽ እንዴት ታዘዘልሽ?

አባቴ ያረፈ ጊዜ ድሬዳዋ ነበርኩ። ሦስት ወር ሙሉ «አባትህ ሰላም ይልሃል» እያላችሁ ጻፋችሁልኝ። እኔ ሞኙ ጫማ ገዝቼ ላክሁለት። ለእግሩ ጠበበው ወይስ ሰፋው ብዬም ጠየቅሁ። «ልክ ሆነው» ብላችሁ መለሳችሁልኝ። ከዚያ አንድ ጠዋት በሬን ስከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ልማዳችን መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። መርዶ በወረቀት አይላክም፤ ሰው በሰው አገር ብቻውን እንዳያለቅስ ይባላል። ያኔ አልተቀየምኳችሁም። ጫማውን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሁለተኛ እንዳታደርጉብኝ ፈልጌ ነበር።

ሐዘን ተቀምጫለሁ። የአገር ልጆች ሦስት ቀን አልተለዩኝም። ወደብ ላይ የሚሠራው ነገሬ፣ ያ ተረበኛው፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ የራሱ እናት ትዝ ብላው ነው መሰለኝ። ሩዝና ቴምር አቅርበን ሰደቃ አወጣሁ። ሚስተር ፔል ጥቁር ከረባት አስሮ መጣና ወለል ላይ አብሮን ተቀመጠ፤ ሲነሣ ጉልበቱ እምቢ ብሎት ሁለት ሰው አነሣው።

ሰኔ ፈተና አለ ብዬሽ ነበር። ማን ደስ እንዲለው ነው የምፈተነው? ሚያዝያ 25 ቀን ጅቡቲ የሚሄድ መርከብ ላይ ቦታ ይዣለሁ። ቀብሯን አሳዩኝ። ሌላ የምጠይቃችሁ ነገር የለም።

ጀላል

*

ኮልፌ፣ መጋቢት 6 ቀን 1958 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታውን በኋላ አደርሰዋለሁ። እናትህ አልሞቱም! አሉ! ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጠው «ጻፊ፣ ጻፊ፣ ምን ትለቀልቂያለሽ?» እያሉ ትከሻዬን ይገፉኛል።

ቴሌግራም እንምታ ብለን ነበር። አክስቴ «አለሁ የሚል ቴሌግራም የሚያምን የት አለ? የሞተ ሰው ሁሉ አለ እየተባለ አይደል የሚጻፍለት?» ብለው ከለከሉን። ስለዚህ ሁሉንም ከሥሩ ልንገርህ።

ደብዳቤህን ሳነብላቸው መጀመሪያው ላይ «የሞተችው» ብዬ ቆምኩ። «ማን ሞተ ነው የሚለው?» አሉኝ። «እርስዎ» አልኳቸው። ከዚያ «ሰደቃው ላይ ምን ቀረበ?» አሉኝ። ሩዝና ቴምር ይላል ብላቸው «ሥጋ የለም?» ብለው ቅር አላቸው። ማን ማን እንዳለቀሰ በስም አስነበቡኝ። ለነገሬ አላህ እናቱን ያቆይለት ብለው መረቁት። ስለ አባትህ ጫማ የጻፍከው ጋ ስንደርስ ግን ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። «ልጄን በቁሜ አስለቀስኩት» አሉ። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካለፈው ሐምሌ ጀምሮ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል። መጀመሪያ ጭጋግ ነው የመሰላቸው፤ «ዘንድሮ ኮልፌ ላይ ጭጋጉ አልነሣ አለ» ይሉን ነበር። መስከረም ላይ ሰው የሚለዩት በድምፅ ብቻ ሆነ። ያኔ ለአንተ ልጽፍ ስል «አንዲት ቃል ብትጽፊ ልጄ በማግሥቱ መርከብ ላይ ነው፤ ትምህርቱን ካስተውሽው አልምርሽም» ብለው አስማሉኝ። የጥቅምቱን ደብዳቤ ጨርሼ አሻራ ሊያሳርፉ ጣታቸውን ቢያወርዱት ግርጌው ቀርቶ መሐል ጽሑፉ ላይ አረፈ። ደግመን ሞከርን፤ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። «ይሄን ካየ ያውቅብናል። ያንቺን አትሚበት» አሉኝ። የኔን አተምኩ። ጠባሳውን አንዳችንም አላስታወስነውም። ያን ቃልም ያገኘሁት በዚያው ሰሞን ነበር። ሁድዊንክ ያደረግሁህ እኔ ነኝ። አንተ ደግሞ ከእነ ግመሏ አስረድተህ ስትጽፍልኝ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው ሁለት ወር የዘገየሁት። ጉንፋን አልያዘኝም።

በደህናው ልጨርስልህ። እኛ ግቢ አጠገብ ያሉት እትዬ ሸዋገነት እህታቸው በዓይን ሞራ ታውራ ሐኪም ቤት ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ዳነች። ክረምቱን ሙሉ «ሃጂራ፣ እኔ ልውሰድሽ» ቢሏቸው አክስቴ «ጣቴን ቢላ የነካኝ ይበቃኛል፤ ደግሞ ዓይኔን?» ብለው እምቢ አሉ። ያንተ ደብዳቤ የተነበበ ለት ማታ እራት እየበላን ሳለ በድንገት «ሸዋገነትን ጥሪልኝ» አሉ። እትዬ ሸዋገነት ነጠላቸውን ሳያጣፉ መጡ። «በዚህ ዓይን የተነሣ ልጄ ቀብሮኛል። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ያደርጉኛል? ውሰጂኝ» አሏቸው።

በሁለተኛው ቀን በአውቶቡስ ሄድን። ሐኪሙ በባትሪ አይቷቸው ይድናል አለ። ሚያዝያ 3 ቀን አንዱን ዓይናቸውን ይሠራላቸዋል። ፈተናህን ተወው እንዳትል፤ ለዚያ ብለው ነው ይህን ሁሉ የታገሡት።

ያን የተበላሸውን ወረቀት አልጣልኩትም ነበር፤ አብሬ ልኬልሃለሁ። አሻራቸው መሐል ጽሑፉ ላይ ነው። ጠባሳውም አለ። ይቅር በለኝ።

አልፊያ

*

ዓደን፣ መጋቢት 28 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለአልፊያ

ሰላም እልሻለሁ፤ እናቴን ልጨምርበት ወይስ ልተዋት ግን ግራ ገብቶኛል።

ወረቀቱን አየሁት። ጠባሳው አለ። ብድግ ብዬ ወደ ነገሬ ሮጥኩ። ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ «ወንድሜ፣ ይሄ በጥቅምት የታተመ ነው። በጥቅምት እንደነበረች ነው የሚያሳይህ» አለኝ። ሲናገር ዓይኔን አላየኝም። ሌሎቹም እንደ እሱ ናቸው። ሐኪም ቤት፣ ቀዶ ጥገና፣ ሚያዝያ 3፤ «መርዶውን ቀስ በቀስ እያቀረቡልህ ነው፤ ቀጥሎ ሕክምናው አልሆነላትም ብለው ይጽፉልሃል» አሉኝ። እኛ እንዲህ ነን፤ ለእውነት የተረፈ አጻጻፍ የለንም።

ስለ ሥጋው የጠየቀችውን ሳነብ ግን ሳቅሁ። ያን አንቺ ከራስሽ አታመጪውም ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ልታመጣው ትችላለች አልኩ። ጠዋት ሐዘኑን ልተው እላለሁ፤ ማታ መልሼ እቀመጣለሁ። ሚስተር ፔል እንኳ ከረባቱን ማሰር ወይስ መፍታት እንዳለበት ግራ ገብቶት ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ። ስሄድ ለገሃር ባቡሩ ሊነሣ ሲል እናቴ በመስኮቱ በኩል በጆሮዬ አንድ ነገር ተናግራኛለች። አንቺም አባትሽም ራቅ ብላችሁ ነበር፤ ማንም አልሰማም፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ምን ነበር ያለችኝ? ከሚያዝያ 25 በፊት መልሱ ከደረሰኝ ቦታዬን ለሌላ ሰው እለቃለሁ። ካልደረሰኝ እሳፈራለሁ።

የጠየቅሺኝን ሄጄ አይቻለሁ። ማታ ሲገልጡላት አትቆጣም። መጀመሪያ ቆም ብላ መሬቱን ታያለች። ከዚያ ያው የሸፈናት ሰውዬ ውኃ ሲያቀርብላት ሄዳ ትጠጣለች።

ጀላል

*

ኮልፌ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ ጀላል

ሰላምና ጤና ከእኛም ከአንተም አይለይ። ዛሬ ብዙ አልጽፍም፤ ወረቀቱ የኔ አይደለም። ደብዳቤህ የደረሰን አክስቴ ሐኪም ቤት ዓይናቸው እንደታሸገ ተኝተው ሳለ ነው። ጥያቄህን ሳነብላቸው ፈገግ ብለው «ሲፈቱኝ እነግረዋለሁ» አሉ። ከትናንት ወዲያ ፈቱላቸው። ከዚህ በታች ያለው ቃል በቃል የእሳቸው ነው። እኔ እጄን ብቻ ነው ያዋስኳቸው።

ልጄ ጀላል፣

እናትህ ሃጂራ ነኝ። አንድም ነገር ሳትጨምር፣ አንድም ሳትቀንስ እንድትጽፍ አልፊያን አስምያታለሁ።

በመስኮቱ ያልኩህን ጠየቅኸኝ። አልፊያ ፊት ላዋርድህ አልፈልግም ነበር፤ ራስህ ነህ ያመጣኸው። ባቡሩ ሲጮህ እጄን ይዘህ አልቅሰህ «እማ፣ አልሄድም፤ ልውረድ» አልከኝ። ሃያ ሁለት ዓመትህ ነበር። እኔም «እንግዲያው ቲኬቱን ስጠኝና እኔ ልሂድ» አልኩህ። ሳቅህ። ሳትጠርገው እንባህን ይዘህ ሄድክ። አልፊያ ይሄን ስትጽፍ እየሳቀችብህ ነው፤ እጇን መትቻታለሁ።

ዓይኔን ሲፈቱልኝ መጀመሪያ ያየሁት የሐኪሙን ጫማ ነው። አንገቴን ደፍቼ ነበርና። ቡናማ ነው፤ ማሰሪያው አንዱ ተፈትቷል። ቀጥሎ ሸዋገነትን አየኋት፤ አርጅታለች፤ እሷም «ይሄን ልታዪ ነው ያዳንኩሽ?» አለችኝ። ከዚያ አልፊያን አየኋት። ልጅ ነበር የመሰለችኝ፤ ለካ ቁመቷ በልጦኛል። የቀረው ዓይኔ ከክረምት በፊት ይሠራል ተብሏል። ወፍራም መነጽር ታዞልኛል፤ ሳደርገው ሰው ይሳቅ፤ ያልታወረ ይሳቅ።

ስለ ጫማው። አባትህ ሲሞት ያደረግንብህን ያኔ ደግ ነው ብዬ ነበር ያደረግሁት። አሁን ግን ዓይን ታስሮ መዋል ምን እንደሆነ አይቼዋለሁ። ይቅር በለኝ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት እናትህ ቢያማት ታመመች፣ ብትሞት ሞተች ተብሎ ይጻፍልሃል። አልፊያም ምላለች። አንተም ፈተና ብትወድቅ ወደቅሁ ብለህ ጻፍ። አትወድቅም እንጂ።

መርከቡን ልቀቀው። ነገሬን አለች በለው፤ የሚቀጥለው ሰደቃ ሥጋ ያለው ይሁን፣ እሱም ሳላልቅስ በላሁ ይበል። ያን ሽማግሌ እንግሊዝም ጉልበቱን አላህ ያጽናለት፤ ከረባቱን ይክተት።

አልፊያ ከወረቀቱ ግርጌ በእርሳስ መስመር አሥምራልኛለች። እጄን ልትይዘኝ ስትል ተይኝ አልኳት። ቀለሙን ነክሬ ጣቴን ራሴ አሳርፌዋለሁ። ጠባሳውን አንተ ተመልከት። መስመሩን እኔ አይቼዋለሁ።